የጭጋጉ ጌታና የእትዬ በለጡ ማስመሪያ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጠረጴዛዬን ሳራግፍ ያገኘሁት ዕቃ አንድ ፌስታል አልሞላም። እግሩ የተሰበረ መነጽር፣ የእርሳስ ቁርጥራጭ፣ ለቢሮው ብርድ የማስቀምጠው ሹራብና አንድ የወይራ ማስመሪያ። ማተሚያ ቤቱ በእኔ ቦታ የተካት ልጅ ማስመሪያውን አንስታ አገላበጠችው። ጠርዙ ተበልቷል፤ ቁጥሮቹም ከጠፉ ቆይተዋል።

«እትዬ ጥሩ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያረሙት በዚህ ነው?» አለችኝ።

«በዚህ ነው።»

በሌላ እጇ የያዘችው ረቂቅ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ጀግናው ከሰው ያልተወለደ ነው፤ ነፋስ ይታዘዝለታል፤ ሲቆጣ መስተዋት ይሰነጠቃል። ልጅቷን ከሠርጓ ድንኳን ነጥቆ ደመና ላይ ወዳለው ግንቡ ይወስዳታል። ታለቅሳለች፤ ምዕራፍ አሥር ላይ ግን ትወደዋለች። «አንባቢ ይሞትለታል» አለችኝ ተተኪዬ፣ ዓይኗ እያበራ። እኔም «ይህን ሰውዬ እናትሽ ሳታገባ በፊት እኔ ፈጥሬው ነበር» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ የጀመርኩት ቀልድ ስላልነበረ ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በማባዣ ክፍል ታይፒስትነት ነው። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ለጫማ አይበቃም፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ዘመኑ የደርግ ነው። አገር ሙሉ ፊደል ይቆጥራል፤ እኛ ደግሞ ለፊደል ቆጣሪው የሚነበብ ወረቀት እናባዛለን።

የክፍሉ ኃላፊ እትዬ በለጡ ይባላሉ። ቀጭን፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ፣ ሳቃቸው ከአፍንጫቸው የሚወጣ ሴት ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በስቴንስል ስትጽፊ የታይፑን ባለ ቀለም ሪቦን ታነሺዋለሽ፤ ፊደሉ ሰም የተቀባውን ወረቀት ራሱ ነው የሚቀድደው። ጣትሽ ከበዛበት የ«ው» እና የ«ፀ» ሆድ ተቦድሶ ይወድቅና ሲባዛ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል፤ ጣትሽ ከሰነፈ ደግሞ ምንም አይወጣም። የደብረ ብርሃን ብርድ ሰሙን ስለሚያደርቀው ስቴንስሉ ማባዣ መኪናው ላይ ሳይወጣ ይሰነጠቃል። እትዬ በለጡ መላ ነበራቸው፤ ጠዋት ሲገቡ የቀኑን ስቴንስል ጋቢያቸው ውስጥ ከደረታቸው ጋር ያቅፉታል፣ ልክ እንደታመመ ሕፃን። «ሞቅ ሲለው ይታዘዛል» ይሉ ነበር።

ሌላ ልማድም ነበራቸው። አንድ ጊዜ ለበዓል የሚቀርብ የተማሪዎች ቴአትር እንድንጽፍ መጣ። ጀግናው ተራራ ይገለብጣል፣ ጠላት ያባርራል፣ እጮኛውን ይገሥጻል፣ ያቅፋል። እትዬ በለጡ ማስመሪያቸውን አወጡና ሰውየው የሚሠራበትንና የሚናገርበትን መስመር ሁሉ እየሸፈኑ የቀረውን እንዳነብላቸው አዘዙኝ።

«ታለቅሳለች» አልኩ። «ትንቀጠቀጣለች። ዝም ትላለች። ታቅፈዋለች።»

«ሌላስ?»

«አለቀ።»

«ይህቺ ሴት ናት ወይስ የበር መጋረጃ? ነፋስ ሲመጣ ብቻ ነው እኮ የምትነቃነቀው!» አሉና በአፍንጫቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ትምህርት መሆኑ አልገባኝም፤ የአሮጊት ነገረኝነት መሰለኝ። የተዛወርኩ ዕለት ያንኑ የሚመስል የወይራ ማስመሪያ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ እሱንም መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት።

የተዛወርኩት አንኮበር ነው፣ የንባብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ። ንባብ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱን ከከፈትሽ ጭጋጉ ሰተት ብሎ ገብቶ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ይመስላል። ወንዶቹ ጠዋት፣ ሴቶቹ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። የምናነብላቸው ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና ስለ ሠራተኛው መደብ ታሪካዊ ተልዕኮ ነበር። ሴቶቹ ሁለት ቀን መጡና ቀሩ። የንባብ ቤቱ የበላይ የነበረው ካድሬ፣ ጓድ መኩሪያ፣ በየሳምንቱ መዝገቤን ከፍቶ ያያል። ገና ወጣት ነው፤ ጢሙን በየቀኑ ይላጫል፤ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ያ ነው የሚያስፈራው።

«ጓዲት ጥሩወርቅ፣ ሴቶቹን ወደዚህ ማምጣት ካልቻልሽ ችግሩ ከሴቶቹ ነው ወይስ ካንቺ?» አለኝ አንድ ቀን። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አይፈለግለትም ነበር።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ያኔ ነው ልብ ወለድ መጻፍ የጀመርኩት። «የጭጋጉ ጌታ» አልኩት። ከአንኮበር ገደል ሥር፣ ፀሐይ በማታየው ዋሻ ውስጥ የሚኖር ጌታ ነው። ዓይኑ የነብር ነው። የገደሉ ንጉሥ፣ የነብሮቹ አለቃ፣ የጉሙ ባለቤት ይባላል። ዳመና የሚባለው ፈረሱ ሲሄድ ኮቴው አይሰማም። አንድ ቀን የሸማኔውን ልጅ ምንጭ ዳር ያያትና ይወዳታል። ጠይቆ አያውቅም፤ ጌታ አይጠይቅማ። ጭጋግ ልኮ አገሩን ያለብስና በዳመና ጭኖ ይወስዳታል።

ክፍል አንድን ያነበብኩ ሳምንት አግዳሚው ሞላ። በሁለተኛው ሳምንት ሴቶች ቆመው ሰሙ። የሰሙትን እያነበቡ እንዲለማመዱ ብዜቱን ስለምሰጣቸው ፊደል መለየት ያቃታቸው እንኳ «ጌታ» የሚለውን ቃል ከሩቅ ያውቁት ጀመር። ለምን እንደወደዱት ያኔ አላሰብኩም፤ አሁን ግን የማውቅ ይመስለኛል። ጠመንጃ የያዘ ሰው በር አንኳኩቶ የፈለገውን የሚወስድበት ዘመን ነበር። እኔም ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይቆም ነበር። የጭጋጉ ጌታም በር አይጠይቅም፤ ልዩነቱ ከወሰደሽ በኋላ ይወድሻል። የምንፈራውን ሰው ልብ ሰጥቼ ነው የጻፍኩላቸው፤ እኔም ራሴ ተጽናንቼበታለሁ።

ያልተሸነፈችለት አንዲት ሴት ነበረች፣ ሐሊማ። ከአልዩ አምባ በርበሬና ጨው በአህያ ጭና ዳገቱን የምትወጣ ነጋዴ ናት፤ በገበያ ቀን ሸቀጧን ስትጨርስ እግሯን ለማሳረፍ ትገባለች።

«ይኼ ጌታችሁ ግን ሥራ የለውም እንዴ?» አለች አንድ ቀን። «አርሶ አይበላ፣ ነግዶ አይበላ፤ ሲነጋ ሴት ማየት፣ ሲመሽ ሴት ማየት! ወላሂ፣ እኔ ብሆን አህያ አስነዳው ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀችው ጽጌ ብቻ ናት። ጽጌ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከሁሉም ቀድማ ማንበብ የቻለችው እሷ ናት፤ ብዜቱን በቃሏ ትወጣዋለች። ሴቶቹ ሲወጡ ቀረችና «እትዬ፣ ልጅቷ አባቷን አትናፍቅም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ቆይ፣ ይመጣል» አልኳት። እውነቱን ለመናገር አባቷን ረስቼው ነበር።

የእጅ ጽሑፌን በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን እልካለሁ፤ እትዬ በለጡ በስቴንስል ጽፈው፣ አባዝተው ይልካሉ። ጓድ መኩሪያ ሁለት ትእዛዝ ሰጠ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም ይመታበት የሚል ነው። በዚያን ጊዜ ማኅተም የሌለው ብዜት እጁ ላይ የተገኘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም ስለምናውቅ ትእዛዙን በደስታ ተቀበልን። ሁለተኛው፣ ጌታው የፊውዳል ጠረን ስላለው ታጋይ ይሁን አለ። እሺ ብዬ ከክፍል ሦስት ጀምሮ ካባውን አውልቄ ካኪ አለበስኩት፤ ጦሩን ቀምቼ ጠመንጃ ሰጠሁት። የሚሠራው ሥራ ግን አንድም አልተለወጠም፤ ጓድ መኩሪያም እንዲለወጥ አልጠየቀኝም።

ክፍል ሦስት ላይ እንዲህ የሚል ነበር፤ ዛሬም በቃሌ ነው። «ልጅቷ ልትጮኽ አፏን ከፈተች። እሱ ግን ከብርዱ ሊከልላት ሰፊ መዳፉን በአፏ ላይ አኖረው። ዝም አለች። በዝምታዋም ልቧ እንደተሸነፈ አወቀ።» በዚህ አንቀጽ ኮርቼ ነበር። እትዬ በለጡ ረቂቁን መልሰው ሲልኩልኝ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጽፈውበታል፦ «እጁን አንሺው። ምን ልትል እንደነበር እንስማ።» ተናደድኩ። እሳቸው በቀን ስንት ሰው እንደሚመጣልኝ አያውቁም አልኩና ከሥሩ «እንዳለ ይባዛ» ብዬ ፈርሜ መለስኩት።

ክፍል ሦስት ተነብቦ ሳምንት ሳይሞላው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጽጌ ከንባብ ቤት ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ተጠለፈች።

የጠለፋት ደምሴ ይባላል። የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ነው፤ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ ጠመንጃ ያለው። ፊደል የቆጠረው እኔ ዘንድ ነው፤ ከጠዋቱ ወንዶች ጎበዙ እሱ ነበር፤ ብዜቱንም እንደ ሴቶቹ ይወስድ ነበር። ሽማግሌ ልኮ አባቷ «ትምህርቷን ትጨርስ» ብለውት ነበር። የዚያን ቀን ጭጋጉ እጅ ለእጅ አያሳይም። በአገራችን ልጅ ስትጠለፍ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ወሰዳት አይደለም፤ ጮኸች ወይስ አልጮኸችም ነው። ከጮኸች ሰው ይወጣል፣ ነገሩም ጠለፋ ይሆናል። ካልጮኸች ተስማምታ ነው ይባላል፤ ሽማግሌ ይገባና በእርቅ ይሸፈናል። ሁለት ሰዎች መንገዱ አጠገብ አጃ ያጭዱ ነበር፤ ምንም ጩኸት አልሰማንም አሉ።

አባቷ የማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ዘንድ ከሰሱ። ሸንጎው የተቀመጠው በማኅበሩ አዳራሽ ነው። ሰብሳቢው አቶ ግዛው የተባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ጓድ መኩሪያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጽጌ ከደምሴ እናት አጠገብ ተቀምጣ ወለሉን ታያለች። አንድም ሰው አላናገራትም።

ደምሴ ጠመንጃውን በር ላይ አስቀምጦ ገባ። ከኮት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ገና ሲዘረጋው አወቅሁት።

«እኔ መንግሥት ከፈቀደው ውጪ ያደረግሁት የለም» አለ። «ወረቀቱ ይኸው። ማኅተሙም ይኸው።»

ከዚያም አነበበው። ክፍል ሦስትን፣ ያቺን አንቀጽ። ፊደል እየቆጠረ፣ ነጥቡ ላይ እያረፈ፣ እንዳስተማርኩት። ከተማሪዎቼ ሁሉ እንዲያ አጥርቶ ያነበበ አልነበረም። ሲያጭበረብር አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ወደ ማኅበሩ የሚመጣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ፣ ስለ ግብርም ይሁን ስለ ዘመቻ፣ ትእዛዝ ነበር። ይኼኛው ለምን የተለየ ይሆናል?

አቶ ግዛው ወረቀቱን ተቀብለው ከጽሑፉ ይልቅ ማኅተሙን ረዘም አድርገው አዩት። «የንባብ ቤቷ ልጅ አለች?» አሉ። ተነሣሁ። «ይህ ወረቀት የመንግሥት ነው?»

ጓድ መኩሪያን አየሁት። እሱም አየኝ።

«አዎ፣ ከጽሕፈት ቤቱ የመጣ ነው» አልኩና ተቀመጥኩ።

ይኸው ነው፤ የሥራ ዘመኔ ትልቁ ውድቀት ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ውሸት የለባትም። ያኔ ጽጌ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንገቷን አላነሳችም። አቶ ግዛው ሽማግሌዎች ነገሩን እንዲያዩት፣ ሸንጎው በዘጠነኛው ቀን እንዲቀመጥ፣ ልጅቷ እስከዚያ «ባለችበት እንድትቆይ» አሉ። ያለችበት የደምሴ ቤት ነው። አባቷ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ወጡ።

አምስት ቀን ሙሉ ፈራሁ። ለራሴ ምክንያት ስደረድር ከረምኩ፤ እኔ ያልጻፍኩትስ ቢሆን አይጠልፋትም ነበር? ከእኔ ጽሑፍ በፊት የጠለፉት ሁሉ ምን አንብበው ነው? በስድስተኛው ቀን ሐሊማ ከነአህያዋ ደጄ ላይ ቆመች።

«ጽጌን አየኋት» አለች። «የደምሴ እናት ውሃ ታስቀዳታለች። ሰላም ብላት ቀና አላለችም። አንቺ ጥሩወርቅ፣ ያን ጊዜ ተነሥተሽ የተናገርሽውን ነገር ሰማሁ። አላህ ምላስ የሰጠሽ ለዚህ ነው?»

ማታውኑ ሳይሆን በማግስቱ የመጀመሪያውን የጭነት መኪና ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። እትዬ በለጡ ስቴንስል አቅፈው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር።

«እኔስ?» አሉ። «ያን እጅ ስቴንስሉ ላይ በጣቴ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም? እጁን አንሺው ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። በእርሳስ! እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ እኔም ፈርቼ ነው።» ስቴንስሉን ከጋቢያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ጡረታዬ ሊደርስ ነው፤ ይምጣ የመጣው። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

የሸንጎው ቀን ጠዋት ጓድ መኩሪያ ንባብ ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ወሬው ደርሶታል። ድምፁ በጣም ቀንሷል።

«ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ውሸት ነው ብለሽ በሕዝብ ፊት ልትናገሪ ነው አሉ። ጓዲት፣ ይህ ማለት መንግሥት ዋሸ ማለት ነው። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ» አልኩት። አላሰብኩበትም፤ ካሰብኩበት እንደማልሄድ አውቅ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ተራዬ ሳይደርስ ተነሣሁ። «ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ተረት ነው። ሴቶቹ እንዲመጡልኝ የፈጠርኩት ተረት። የጭጋጉ ጌታ የሚባል ሰው የለም። ቢኖር ደግሞ ወንጀለኛ ነው።»

«ተረት ከሆነ ማኅተሙ ምን ይሠራል?» አሉ አቶ ግዛው፣ በእውነት ግራ ተጋብተው።

እትዬ በለጡ ከኋላ «እንዳንታሰር ነው፣ አባቴ» አሉ።

ጓድ መኩሪያ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ብዕሩ ሲጭር ይሰማኛል፤ ከእንግዲህ ስለ እኔ የሚጻፈው የመጨረሻ ነገር እሱ የሚጽፈው ስሜ ነው ብዬ አሰብኩ።

ደምሴ ግን አልተሸነፈም። «ተረትም ይሁን ሌላ፣ ልጅቷ አልጮኸችም። ምስክር አለ» አለ። አጃ አጫጆቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ወደዚያችው አሮጌ ጥያቄ ተመለሰ፤ የእኔ መናዘዝ ምንም ያልጠቀመ መሰለኝ። አቶ ግዛው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጽጌ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

«ወረቀቱን ይስጡኝ» አለች።

ሰጧት። መስመሩ ጠፋባት። እትዬ በለጡ ሄደው የወይራ ማስመሪያቸውን ከመስመሩ ሥር አኖሩላት። ጽጌ ቀስ ብላ አነበበች።

«ልትጮኽ አፏን ከፈተች።» ማስመሪያውን ዝቅ አደረገች። «መዳፉን በአፏ ላይ አኖረው።» ዝቅ አደረገች። «ዝም አለች።»

ከዚያ ቀና አለች። «እዚህ የተጻፈው እውነት ነው። ልክ እንዲህ ነው ያደረገኝ» አለች። «ከብርዱ ሊከልለኝ ግን አልነበረም።»

አቶ ግዛው ወደ ደምሴ ዞረው «እጅህ የት ነበር?» አሉት። ደምሴ የራሱን መዳፍ አየው፤ ከዚያም ምን እንደሚያደርገው ያላወቀ ይመስል ኪሱ ውስጥ ከተተው። አንደኛው አጃ አጫጅ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የታፈነ ነገር የሰማ መስሎት እንደነበር፣ ግን የበግ ድምፅ ነው ብሎ እንደተወው ተናገረ። ልጅቷ ከአባቷ ጋር እንድትሄድ፣ ነገሩም ወደ ወረዳ እንዲመራ ተወሰነ። ደምሴ ሁለት ወር ታስሮ ተፈታ።

እኔም አሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ፤ ከዚያም የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ቆምኩ። ከሰዓት እስከ ማታ ተገመገምኩ። ጀግናዬ የፊውዳል ርዝራዥ አለበት ተባልኩ። ካኪ ማልበሴ የይስሙላ ነው ተባልኩ። የሰፊውን ሕዝብ ንቃት አደናቅፌአለሁ ተባልኩ። ልጅቷን ያለ ፈቃዷ መውሰዱን ግን በዚያ ሁሉ ሂስ ውስጥ አንድም ሰው አላነሣም። ንባብ ቤቱን አስረክቤ ወደ ደብረ ብርሃን ወረቀት መጋዘን ተመለስኩ። እትዬ በለጡን ጊዜያቸው ሳይደርስ በጡረታ አሰናበቷቸው፤ የሄዱ ዕለት ማስመሪያቸውን ለእኔ ተዉልኝ። የእኔን ወሰዱት፤ «የተኛ እንጨት ነው፣ እኔ እቀሰቅሰዋለሁ» አሉ። ደርግ ሲወድቅ ማተሚያ ቤት ገባሁና እስከ ዛሬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖርኩ። ኃይለኛ ወንድ በመጣ ቁጥር ማስመሪያውን አወጣለሁ። አንዳንዱ ጸሐፊ ይሰድበኛል፤ አንዳንዱ ጽሑፉን ይዞ ሄዶ እንደገና ጽፎ ይመጣል። ኃይለኛ ሰው አትጻፉ ብዬ አላውቅም፤ ሸፍኜው የሚተርፍ ሰው ይኑር ነው የምለው።

ስለ ጽጌ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ከሸንጎው ስንወጣ፣ ከመታሰሬ በፊት፣ ከእሷና ከአባቷ ጋር ዳገቱን ትንሽ ሸኘኋቸው። አባቷ ወደፊት ቀደሙ። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ቃል ጠፋኝ፤ ስድስት ገጽ ሙሉ ለእሱ ያልጠፋኝ ቃል።

«ዘጠኝ ቀን ነው» አልኳት። «ያኔ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ…»

«አዎ» አለች። ምንም አልነበረም አላለችኝም፤ ዛሬም ለዚህ አከብራታለሁ። ጥቂት ሄድን። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየወጣ ነበር።

«እትዬ፣ እዚያ ቤት ሳለሁ ታሪኩን በሆዴ ስለው ነበር» አለች። «ልጅቷን በስሟ ልጠራት ፈለግሁ። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ የረሳሁት መሰለኝ። ስሟ ማን ነበር?»

ቆምኩ። ፈረሱን ዳመና ብዬዋለሁ፤ ለጌታው ሦስት ማዕረግ ሰጥቼዋለሁ። ለእሷ ስም አላወጣሁላትም ነበር።